ባለ ቅጠሉ አሳታሚ

ሴትዮዋ የከሰል ምድጃውን የምታራግበው በገና ካርድ ነበር።

ክብሩ የግቢው በር ላይ ቆሞ መጀመሪያ ያየው ድንኳኑን ሳይሆን ካርዱን ነው። በረዶ የሸፈነው የጥድ ቅርንጫፍ፣ ቅርንጫፉ ላይ ደረቷ የቀላ ትንሽ ወፍ፣ ከሥሯ በወርቃማ ቀለም «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ»። ወፏ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ትላለች። ከሰሉ ይንቦገቦጋል፤ ላዩ ላይ የለቅሶ ንፍሮ የተጣደበት ትልቅ ብረት ድስት አለ። ያቺን ወፍ ያውቃታል። እሱና እትዬ ሽታዬ የት እንደታተመች ለማወቅ አንድ ክረምት ሙሉ ደክመውባታል።

ድንኳኑን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩትን ሴቶች፣ የተዘጋውን የሱቅ በር፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን ፎቶግራፍ። በፎቶግራፉ ላይ እትዬ ሽታዬ መነጽራቸውን አውልቀዋል። ክብሩ ያለ መነጽር አይቷቸው አያውቅም ነበር፤ ለአፍታ ሌላ ሰው መሰሉት። ሌላ ሰው በሆኑ ብሎም ተመኘ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ እሱ ዘወትር የሚመጣበት ሰዓት። በኪሱ አጉሊ መነጽሩን፣ በፌስታል ደግሞ እሳቸው የሚወዱትን ሙዝ ይዟል። ማንም አልደወለለትም። ማን ብሎ ይደውልለት? በዚህ ግቢ ስሙን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሐሙስ ዕለት ሲቀበሩ እሱ ባህል አዳራሽ አጠገብ ባለው ማተሚያ ቤት ተቀምጦ የሠርግ ጥሪ ወረቀት ጠርዝ ያስተካክል ነበር።

«ግባ እንጂ ወንድሜ፣ በር ላይ አይቆምም» አለው ከኋላው የመጣ ሰው።

ገባ። ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ፤ ድምፁ ለራሱም በደንብ አልተሰማውም። ሙዙን ለማን እንደሚሰጥ ግራ ገብቶት እግሩ ሥር አስቀመጠውና ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ለቀስተኛ እንዲቀመጥ የሳሎኑ ዕቃ ሁሉ ወጥቶ በረንዳው ላይ ተከምሯል። ሶፋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ የቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ። ከነሱ መሀል፣ የተገለበጠ ወንበር ላይ፣ ሁለት የጫማ ካርቶኖች ክዳናቸው ተከፍቶ ይታያሉ። በአንደኛው ላይ በእትዬ ሽታዬ የእጅ ጽሕፈት «የታወቁ» ተብሏል፣ በሌላኛው «ያልታወቁ»። ሴቶቹ እንደሚመቻቸው ይመዛሉ። አንዷ ለማራገቢያ፣ አንዷ ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ ጨው ለመጥረጊያ። ለቅሶ ቤት ወፍራም ወረቀት የሚፈልግ ሥራ አይጠፋም።

ክብሩ ብዙ ካመነታ በኋላ ተነሣና ወደ ምድጃው ሄደ።

«እናቴ፣ ይቅርታ... ያንን ካርድ...»

«ምን አልከኝ?»

«በሌላ ነገር ቢያራግቡ ብዬ ነው።»

ሴትዮዋ ላቧን በክንዷ ጠርጋ ቀና አለች። «ሌላ ነገር ካለህ አምጣ የኔ ጌታ። ድስቱ እንደሆነ አይጠብቅም።»

አጥሩ ሥር የተጣለ የብስኩት ካርቶን አገኘ። ክዳኑን ቀዶ ሰጣትና ወፏን ተቀበለ። ክንፏ ላይ ጥላሸት አርፏል። በሸሚዙ እጅጌ ጠረገላት፤ አልለቀቀም። ከዚያ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ምን እንደጎደለም ሳያይ፣ ሁለቱን ካርቶኖች ከድኖ አንሥቶ ከቁም ሳጥኑ ኋላ፣ ዝናብ የማያገኛቸው ቦታ አስቀመጠና የሙዙን ፌስታል ባዶ አድርጎ አለበሳቸው።

ቀና ሲል አንዲት ሴት ቆማ ታየዋለች። ዓይኗ ያበጠ፣ ረጅም፣ አፍንጫዋ ቁርጥ እትዬ ሽታዬን። ታቢታ መሆን አለባት፤ አዲስ አበባ ባንክ የምትሠራው ልጃቸው። እሑድ እሑድ ትደውል እንደነበር ያውቃል፤ አይቷት ግን አያውቅም።

«ይቅርታ» አለች። «እርስዎ የእማዬ ምኗ ነዎት?»

ክብሩ አፉን ከፈተ። ዘመድ አይደለም። ጎረቤትም አይደለም፤ የሚኖረው መናኸሪያ በኩል ነው። ከቤተ ክርስቲያናቸውም አይደለም። ጓደኛ ልበል ብሎ አሰበ፤ የእናቷን ዕድሜ፣ የራሱን ሠላሳ ዓመት፣ በእጁ የያዘውን ጥላሸታም ወፍ አየ።

«ደንበኛ ነኝ» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክመው መጡ» አለችው፤ ደንበኛ ለማጽናናት ሲመጣ በሚባለው አባባል። ከዚያም አዲስ የገቡ ለቀስተኞችን ልትቀበል ዞረች።

ደንበኛ። ቃሉ ማታ ቤቱ እስኪገባ ድረስ አብሮት ሄደ።

*

የተዋወቁት በካርድ ጀርባ ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት ክብሩ ወፍራም ወረቀት ሊገዛ ታቦር ተራራ ሥር ወዳለችው የእትዬ ሽታዬ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገባ። መደርደሪያው ጥግ ላይ ጊዜ ያለፈባቸው የበዓል ካርዶች ተደርድረዋል፤ ሰው «እንኳን አደረሰህ»ን በስልክ መላክ ከጀመረ ወዲህ የሚገዛቸው የለም። አንዱን አነሣና ሥዕሉን ሳያይ ገለበጠው።

«ቆይ፣ ቆይ» የሚል ድምፅ ከባንኮኒው ኋላ መጣ። «ሰው ካርድ ሲገዛ ፊቱን ነው የሚያየው። አንተ ምን ጠፍቶህ ነው ጀርባውን የምታገላብጠው?»

ክብሩ አፈረ። «ማን እንዳሳተመው ላይ ብዬ ነው።»

«እሺ፣ ማን ነው?»

«አልተጻፈም።»

«ታዲያ ካልተጻፈ ከየት ታመጣዋለህ?»

ከየት እንደሚያመጣው ነገራቸው። የአድራሻው መስመር ነጠብጣብ ነው። የቴምብሩ ሣጥን ማዕዘኑ ሾል ያለ ሳይሆን ክብ ነው። ወርቃማው ጽሑፍ ከሥዕሉ ጋር አብሮ አልታተመም፤ ካርዱ ሥዕሉን ብቻ ይዞ ከባሕር ማዶ መጥቷል፤ አማርኛው እዚህ የተጨመረ ነው። በጣት ሲዳሰስ ፊደሉ ጎድጎድ ይላል። ያንን የብረት ፊደል ያየ ሰው ማተሚያ ቤቱን ይለየዋል። ክብሩ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ለሰው ተናግሮ አያውቅም ነበር። ሲጨርስ ጆሮው ጋለ።

እትዬ ሽታዬ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ አድርገው በላዩ አዩት። ከዚያ በእግራቸው በርጩማ ገፋ አደረጉለት።

«ዕድሜዬን ፖስታ ቤት መስኮት ሥር ነው የጨረስኩት» አሉ። «የካርድ ጀርባ ማየት ሥራዬ ነበር። ፊቱን ለማየትማ ማን ጊዜ ሰጥቶኝ! ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ፤ ከዚያም በሚቀጥለው።

እትዬ ሽታዬ በጡረታ ዘመናቸው ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከሚፈርስ ቤት የለቀሙት አሮጌ ካርድና ፖስትካርድ ሞልቷቸው ነበር። የፋሲካ፣ የዘመን መለወጫ፣ የኢድ፣ የልደት፣ የ«በቶሎ ይማርህ»። አንድ አንዱን እያነሡ ያዩታል። ክብሩ ነጥቦቹን በአጉሊ መነጽር ያያል፤ እሳቸው ወረቀቱን በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው ድምፁን ይሰማሉ። «ይቺ የአሥመራ ወረቀት ናት፤ አትንሿሿም» ይላሉ። ክብሩ «እንዴ፣ በድምፅ?» ሲላቸው «አንተ በዓይንህ ታምናለህ፣ እኔን ጆሮዬን ልትከለክለኝ ነው?» ይሉታል።

ሕግም ነበራቸው። አሳታሚው የታወቀ እንደሆነ ስሙ በካርዱ ጀርባ፣ ታች ጥግ ላይ በእርሳስ፣ ሳስቶ ይጻፋል። እስክሪብቶ ክልክል ነው። «ሰው ይሳሳታል፤ ካርዱ የኛን ስሕተት ዕድሜ ልኩን ይሸከም?» ይሉ ነበር። ትንሽ ጥርጣሬ ካለ ከስሙ ቀጥሎ ጥያቄ ምልክት ይደረጋል። ጥያቄ ምልክት ያለበት ካርድ ደግሞ ወደ «ያልታወቁ» ይመለሳል፤ እንደገና ሊታይ፣ በሌላ ቅዳሜ።

ሁለት ዓመት አልፎ «ያልታወቁ» የሚለው ካርቶን ወለሉ መታየት ጀመረ። አንድ ቅዳሜ የመጨረሻውን ካርድ አንሥተው አሳታሚውን ሲለዩ ክብሩ «እትዬ፣ ጨረስን እኮ!» አለ በደስታ። እሳቸው አልሳቁም። ካርቶኑን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርገው አዩት። ከዚያ «እስቲ ቆየኝ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ቆዩ። ሲመለሱ እጃቸው ላይ አንዲት ፖስትካርድ ነበረች።

«ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» አሉ።

ሐይቁ ነው፤ የራሳቸው ሐይቅ፣ አዋሳ ገና ትንሽ ከተማ ሳለች። ዳር ላይ ትልቅ ሾላ፣ ከሾላው ሥር የታሰረ ጀልባ፣ ጀልባው ጠርዝ ላይ ክንፉን አጥፎ የቆመ አባ ኮዳ። ጀርባዋ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር የለም፣ ከተማ የለም። ጥግ ላይ ብቻ በሐምራዊ ቀለም የተረገጠች አንዲት ትንሽ ቅጠል።

አሳታሚውን «ባለ ቅጠሉ» አሉት። ባለ ቅጠሉን ፍለጋ ሌሎቹን ሁሉ የሚያስረሳ ሆነ። ክብሩ መናኸሪያ አካባቢ ያሉትን አሮጌ ፎቶ ቤቶች ጠየቀ። ሻሸመኔ ድረስ ሄዶ የብረት ፊደል ከሚለቅሙበት ዘመን የተረፉ አንድ ሽማግሌ አታሚ አገኘ፤ ሽማግሌው ጆሯቸው አይሰማም፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲጮህ ውሎ ባዶ እጁን ተመለሰ። አዲስ ግምት ይዞ በመጣ ቁጥር እትዬ ሽታዬ ቀዳዳ ያገኙለታል። የዚያ ፎቶ ቤት ካርድ ጠርዙ ዚግዛግ ነው። ያኛው ሰውዬ ያኔ ገና አልተወለደም።

አንድ ጊዜ ብቻ ቀዳዳው ቶሎ አልተገኘላቸውም። ክብሩ ቅጠሏን በአጉሊ መነጽር ሲያይ ቆይቶ «እትዬ፣ ይህ ቀለም የፖስታ ቤት ማኅተም ቀለም ነው» አለ። «ባለ ቅጠሉ ፖስታ ቤት የሚያውቀው ሰው አለ ማለት ነው።»

እሳቸው ሙዝ ይልጡ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«ቀለም የትም ይገኛል» አሉ በመጨረሻ። «ፖስታ ቤት ብቻ ነው ሐምራዊ ያለው? ብላ ይልቅ፣ ከስተሃል።»

ባለፈው ቅዳሜ ሳል ያስቸግራቸው ነበር። ሊሄድ ሲነሣ ፖስትካርዷን ከእጁ ወስደው ወደ ካርቶኑ መለሷት። «አይዞህ» አሉት። «በሚቀጥለው ቅዳሜ እናገኘዋለን።»

*

እሑድ ክብሩ እንደገና መጣ። ደንበኛ ለለቅሶ ሁለት ቀን ይመጣል ወይ ብሎ ራሱን እየጠየቀ መጣ።

ከጎኑ ታቢታ ከእድሩ ሰብሳቢ ከጋሽ ደበሌ ጋር ስለ ዕቃው ትነጋገር ነበር። ጋሽ ደበሌ ሰፊ ሰው ናቸው፤ የተቀመጡበት አግዳሚ የሳቸው ይመስላል።

«ሱቁን እንግዲህ አከራየዋለሁ» አለች ታቢታ። «ልብሷን ለቤተ ክርስቲያን። እነዚያን አሮጌ ካርዶች ደግሞ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፤ ሥዕሉን እየቆረጡ ይለጥፋሉ።»

«ጥሩ ነው፣ ልጆች ይወዱታል» አሉ ጋሽ ደበሌ።

ለክብሩ መቀስ ታየው። ተው ሊል ፈለገ፤ በምን አፉ? ሰው ሱቁ ውስጥ የቀረውን ዕቃ ለማን እንደሚሰጥ ደንበኛ ምን አገባው? አንገቱን ደፋ። አንገቱን እንደደፋ ነው እንግዲህ ዓይኑ የጋሽ ደበሌ አግዳሚ እግር ላይ ያረፈው።

አግዳሚው እንዳይወዛወዝ እግሩ ሥር ታጥፎ የተሸጎጠ ወፍራም ወረቀት አለ። ከእንጨቱ ወጣ ባለው ጫፍ ላይ ግማሽ ቅጠል ይታያል። ሐምራዊ።

ክብሩ ተነሣ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ለቅሶ ላይ ሽማግሌ ይነሡልኝ ይባላል? ደግሞስ አንተ ማን ነህ ቢሉት? ራሳቸው እስኪነሡ ሊጠብቅ ወሰነ። ጋሽ ደበሌ ግን የሚነሡ ሰው አይደሉም። ሻይ መጣላቸው፣ ተቀምጠው ጠጡ። ንፍሮ መጣላቸው፣ ተቀምጠው ቆረጠሙ። መዘምራኑ ዘምረው ጨርሰው ሰው ሁሉ ለጸሎት ሲቆም የክብሩ ልብ ዘለለ። ጋሽ ደበሌ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በተቀመጡበት ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የቅዳሜው ልጅ» አለ አንድ ድምፅ ከጎኑ።

እትዬ ሀዋ ነበሩ፤ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸው፣ የእትዬ ሽታዬ የልጅነት ጓደኛ። ከዋናው ሐዘንተኛ እኩል ጥቁር ለብሰው ሰንብተዋል። ሲመጣም ሲሄድም ከባንኮኒያቸው ሆነው በእጃቸው ሰላም ይሉት ነበር፤ ተነጋግረው ግን አያውቁም።

«ለቅሶ ቤት ሰው ወይ ሰማይ ያያል ወይ መሬት» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንተ የደበሌን እግር ነው የምታየው። ምን ጎደለው?»

ክብሩ ጠቆማቸው። «ወንበሩ ሥር ያለው ካርድ... እትዬ ሽታዬ የሚወዱት ነው። አንድ ብቻ ነው ያለው። ባለ ቅጠሉ።»

እትዬ ሀዋ «ባለ ቅጠሉ» ሲባል ፊታቸው ተለወጠ። ሻርፓቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ድንኳኑን አቋርጠው ጋሽ ደበሌ ፊት ቆሙ።

«ደበሌ፣ ተነሣ።»

«ምን?»

«ተነሣ አልኩህ። ከጠዋት ጀምሮ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ!»

ከሴቶቹ በኩል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። «አንቺ ሀዋ፣ ለቅሶ ላይ እኮ ነን!» አሉ ጋሽ ደበሌ።

«ለለቅሶዬ ነው ተነሣ ያልኩህ።»

ተነሡ። አግዳሚው ዘመመ፤ ጫፉ ላይ የነበሩ ሰውዬ የሻይ ብርጭቆአቸውን ወደ ላይ አነሡ። እትዬ ሀዋ ጎንበስ ብለው ካርዱን መዘዙና እጥፋቱን ዘረጉት።

«ወፍራም ወረቀት ፈልጌ እንጂ፣ ዕቃ መሆኑን መች አውቄ» ይላሉ ጋሽ ደበሌ። የሚሰማቸው የለም።

እትዬ ሀዋ ሐይቁን አላዩም። ጀርባውን ገልብጠው ቅጠሏን አዩ፤ በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው። አፋቸውን በሻርፓቸው ያዙ፤ ትከሻቸው ግን መንቀጥቀጡን አላቆመም። እንባቸው ወርዶ አገጫቸው ላይ እስኪደርስ ድረስ ማንም እያለቀሱ መሆናቸውን አላወቀም።

«ጫማዬ» አሉ። «የኔ ጫማ እኮ ነው።»

ታቢታ እየሮጠች መጥታ ደገፈቻቸው። «እትዬ ሀዋ፣ ምን ሆኑ? የምን ጫማ?»

አስቀመጧቸው። ውኃ ጠጡ። ካርዱን ግን ለማንም አልሰጡም።

«አንቺ አልተወለድሽም» አሏት ታቢታን። «እናትሽ ፖስታ ቤት ገና መግባቷ ነው። መንገደኛ መስኮቷ ላይ ይመጣና የዚህ ከተማ ካርድ የለም ወይ ይላታል። የለም። የአክሱም አለ፣ የጎንደር አለ፤ የኛ የለም። ተናደደች። 'ሀዋ፣ ይህን የሚያህል ሐይቅ ይዘን!' ትለኛለች። አንድ ፎቶ አንሺ ለምና ሐይቁን አስነሣች፤ በካርድ ወረቀት አሳተመችው። ስሟን እንዳትጽፍበት፣ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ መስኮቷ ላይ የራሷን ዕቃ ትነግዳለች እንዳትባል ፈራች። 'ግን ምልክት ያስፈልገዋል' አለች፤ 'ያለ ምልክት አባት እንደሌለው ልጅ ነው።'»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔ አዲስ ነጠላ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ቤቷ ገባሁ። ስወጣ የአንዱ ተረከዝ የለም! እሷ ምላጭ ይዛ፣ አንድ የሾላ ቅጠል ፊቷ አስቀምጣ፣ ላስቲኩን ትቀርጻለች። 'ሀዋዬ፣ ትንሽ ታገሺኝ' ትላለች፤ ቀና እንኳ አትልም። እያነከስኩ ነው ቤቴ የገባሁት። በቀለሙ ደግሞ የፖስታ ቤቱን ማኅተም ማጥቀሻ... እኔ ምን አውቃለሁ።» አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ትንሽ ጊዜ ሸጠች። ፎቶ አንሺው ወደ ዲላ ሄደ፤ ነገሩም ቀረ። ያቺን አንዷን ግን ደብቃ አስቀምጣታለች።»

ታቢታ ካርዱን ተቀብላ አየችው። ራሷ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ትንሽ ቀርቷል፤ ስለ እናቷ ይህን ግን አታውቅም ነበር።

ክብሩ ቆሞ ነበር። መቆሙን ራሱም አላወቀም።

«ያውቁ ነበር ማለት ነው» አለ። «ሻሸመኔ ድረስ ልከውኛል።»

«እኔም ተይ አልኳት!» አሉ እትዬ ሀዋ። «'ልጁ ፀሐይ ላይ ተንከራተተ፣ ንገሪው' አልኳት። 'ንፋስ ይምታው፣ ቀኑን ሙሉ ማተሚያ ቤት ተዘግቶበት ነው የሚውለው' አለችኝ። ኋላ ግን...» ድምፃቸው ወረደ። «ኋላ ግን ምን አለችኝ መሰለህ? 'ሀዋ፣ ከነገርኩት ካርዱ ያልቃል። ካርዱ ካለቀ ቅዳሜ ምን ሊሠራ ይመጣል?' አለችኝ። አትንገሪው ብላ አስማለችኝ። ይኸው ዛሬ በደበሌ ወንበር ምክንያት መሐላዬን በላሁ።»

ለክብሩ እትዬ ሽታዬ ያን ቅዳሜ ባዶውን ካርቶን ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉ ታዩት። ወደ ጓዳ ሲገቡ፣ ሲቆዩ። ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?

«ያለ ካርድም እመጣ ነበር» አለ።

ጮክ ብሎ ነው የተናገረው። ክብሩ በሕይወቱ ይህን ያህል ሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም።

«ያለ ካርድም እመጣ ነበር እኮ» አለ እንደገና፣ አሁን ለማንም ሳይሆን፣ እና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

አንድ ሰው ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው። ጋሽ ደበሌ ነበሩ። አጠገቡ ሊቀመጡ ሲሉ አግዳሚው እንደገና ዘመመ። ክብሩ እንባውን ጠርጎ ኪሱን ዳበሰና ለናሙና የያዘውን የሠርግ ጥሪ ወረቀት አወጣ፤ ሁለት ጊዜ አጥፎ እግሩ ሥር ሸጎጠላቸው።

«አሁን ደልደል አለ» አሉ ጋሽ ደበሌ፣ በቀስታ።

*

ሰኞ ከሰዓት እድርተኞቹ ድንኳኑን ፈቱ። ብረቱ እየተነቀለ ሲከመር፣ ሸራው ሲጠቀለል፣ ግቢው ድንገት ጠበበ። ሶፋው ወደ ቦታው ተመለሰ። ታቢታ የሱቁን በር ከፍታ ክብሩን ጠራችው።

በርጩማው ካለበት አልተነሣም። ባንኮኒው ላይ ሁለቱ ካርቶኖች አሉ፤ ፖስትካርዷ ደግሞ እጥፋቷ እንዲስተካከል በሁለት ወፍራም መዝገበ ቃላት መሀል ሌሊቱን አድራለች። ሾላውን ለሁለት የሚከፍል ነጭ ስንጥቅ ቀርቶባታል። ቅጠሏ ደህና ናት።

«ለልጆቹ እሰጣለሁ ያልኩት ቀርቷል» አለች ታቢታ። «እስቲ አስረዳኝ፤ እነዚህ ሁለቱ ምን ምን ናቸው?»

አንቱታው ቀርቷል። ክብሩ አስረዳት። የታወቁት እዚህ፣ ያልታወቁት እዚያ። እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ እንደማይሆን። ጥያቄ ምልክት ያለበት ወዴት እንደሚመለስ። ወፏን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ወደ «የታወቁ» መለሳት። ታቢታ እንደ እናቷ እያቋረጠች አልሰማችውም። መሀል ላይ ግን አንድ ካርድ አንሥታ፣ ሳታስበው፣ በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው።

በዚህ መሀል ዘግይታ ለለቅሶ የመጣች አንዲት ዘመድ በሩ ላይ ብቅ አለች። ታቢታን አቅፋ አልቅሳ ስታበቃ በርጩማው ላይ የተቀመጠውን አየችው።

«ይሄ ደግሞ ማን ነው?»

ክብሩ ሊመልስ ትንፋሽ ሳበ።

«የእማዬ የቅዳሜ ሰው ነው» አለች ታቢታ።

ሴትዮዋ ይህ በቂ መልስ እንደሆነ ሁሉ ራሷን ነቅንቃ፣ ክብሩንም አቅፋ «አይዞህ» ብላው ወደ ቤት ገባች። እትዬ ሽታዬ ከሞቱ ወዲህ አይዞህ ሲባል የመጀመሪያው ነበር።

ታቢታ ፖስትካርዷን ከመዝገበ ቃላቱ አውጥታ ጀርባዋን ወደ ላይ አድርጋ ፊቱ አስቀመጠች። ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች።

«ስሟን ጻፍበት።»

«እርሳስ ይኖራል?»

«ለምን? እትዬ ሀዋ እኮ ነገሩን። የሚያጠራጥር ነገር የለውም።»

ክብሩ ከመደርደሪያው አዲስ እርሳስ አወረደ፣ በምላጭ ቀረጸው፣ ዱቄቱን እፍ አለው። ታች ጥግ ላይ፣ ከቅጠሏ ጎን፣ ሳስቶ ጻፈ፦ ሽታዬ ጉልላት፣ አዋሳ።

እርሳሱን አላነሣም። ውጭ አንድ ባጃጅ አለፈ። የብረት ዘንግ መሬት ላይ ሲወድቅ ጮኸ፤ የእድሩ ሰዎች ተሰነባበቱ። ከስሙ ቀጥሎ ቀስ ብሎ ትንሽ ጥያቄ ምልክት አደረገ።

ታቢታ አነበበችው። ስሙን፣ ምልክቱን፣ እሱን፣ ሁለቱን ካርቶኖች እያፈራረቀች አየች። ከዚያ ካርዷን በሁለት ጣቷ ጠርዟን ይዛ አነሣችና ወለሉ በሚታየው ካርቶን ውስጥ፣ «ያልታወቁ» በሚለው ውስጥ ብቻዋን አስተኛቻት፤ ክዳኑን ገጥማ፣ እጇን ላዩ ላይ አሳረፈች።

«ቅዳሜ» አለች፣ እጇን ሳታነሣ፣ «በስንት ሰዓት ነበር የምትመጣው?»